የሥራ ካርድ ቁጥር 418

የወንድሜ ልጅ ሜላት ከብራንደን ደወለች፤
«አክስቴ፣ የቤተሰባችሁን ታሪክ ጻፉ ተባልን» አለች።
«ወንዳፍራሽ ማን ነበረ? ትርጉሙስ ምን ይላል?
እዚህ ስሙ ረዝሞባቸው ‹ዎንዳ› ብቻ ይባላል።»

እኔ አቃቂ ነኝ፣ ከአሮጌው ሐዲድ ማዶ፤
ወንዙ የፋብሪካ እድፍ አዝሎ ከከተማ ወርዶ፣
ቆስጣው ያንኑ ጠጥቶ፣ መርዙንም ለምዶ፣
ከሚወፍርበት ማሳ ጥግ ነው ቤቴ፤
ሁለት ክፍል፣ አንድ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ያወረሰኝ አባቴ።
«ቆይ፣ ነገ ልንገርሽ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤
የገዛ አያቴን ታሪክ ለመጀመር ፈራሁ።

ወንዳፍራሽ። ጎራዴ የታጠቀ የሚመስል ስም፤
እሱ ግን ዶሮ ሲታረድ እንኳ ቆሞ አያይም።
ደረቱ በጥጥ ብናኝ የታፈነ፣ ድምፁ የሳሳ፣
ሠላሳ ዓመት የሸመና መኪና ጆሮውን የበሳ፣
ከንፈር አይቶ የሚመልስ፣ ስሙን ሲጠሩት የሚረሳ።
«ወንዳፍራሽ!» ሲሉት ዝም። ደግመው ሲሉት ዝም።
«መኪናው አደነቆረው» አልን፤ ሌላ አልጠረጠርንም።

ወንድሜ ንጋቱም እንደሱ ፋብሪካ ነው የሚያድር፤
ከፊቱ አሳማ ተሰቅሎ ያልፋል፣ በሰንሰለት ሲዞር።
ለእናታችን «በሬ ነው» ብሏት ነበር፤
አምና፣ በሬ እንደመሰላት አረፈች።

ካናዳ ሲገባ ጸሐፊዋ «የቤተሰብ ስም?» ብላ ስትጠይቀው፣
እንዲህ ያለ ስም የለን፤ የአያቱን ሰጣት፣ እሷም ጻፈችው።

ማልጄ ወደ ገላን፣ ወደ እማማ ዘርትሁን ሄድኩኝ፤
ከድሮው መፍተያ ክፍል እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩኝ።
ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጣታቸው ግን ዛሬም በባዶ አየር
ይቋጥራል፣ ይቋጥራል፣ የተበጠሰ ክር።

«ወንዳፍራሽ?» አሉኝ። «የትኛው? ሟቹ ነው ወይስ አያትሽ?»
ዝም አልኩ።
«ሳይነግራችሁ ሄደ? አይ ሰው! ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።

ወንዳፍራሽ የሚሉት ልጅ ነበር፣ ከቡልጋ የመጣ፤
በስንት ደጅ ጥናት ካርዱ በስሙ የወጣ።
ሰኞ ሥራ ሊገባ፣ ዓርብ ለት በተስቦ ወደቀ።
ያስታመመው፣ ካጠገቡ ሳይርቅ የማቀቀ፣
ጫቦ የሚባል ዶርዜ ነው፣ ከጋሞ ተራራ በእግሩ የዘለቀ።
አልቅሶ ቀበረው።
ሰኞ ጠዋት ያንን ካርድ ይዞ ከበሩ ላይ ቆመ፤
‹አራት መቶ አሥራ ስምንት!› ሲባል ‹አቤት› አለ፤ በዚያው ከረመ።»

«ፎቶ አልነበረውም ካርዱ?»
«ምን ፎቶ! ለፈረንጁ አለቃ ፊታችን ሁሉ አንድ ነበር፤
የሚለየን ቁጥር።»
ጣታቸው ለአፍታ ቆመ።
«ሁለት ብር በየወሩ በነጋዴ እጅ ይልክላት ነበር፣
ቡልጋ ላለችው እናት። ‹ልጅሽ ነው የላከው› ይሏት ነበር።
ልጇ ደኅና እንደመሰላት አረፈች።»

ስመለስ በፋብሪካው በር አለፍኩ፤ ዘበኛው ልጅ ነው፣ ስልኩን ይነካካል።
«ጫቦ» አልኩ ቀስ ብዬ፤ የሰው ልብስ እንደመልበስ አፌ ላይ ጠበብ ይላል።

ማታ ሜላት ደወለች። አባቷ ስልኩን ነጠቀና፣
«አደራሽን!» አለኝ በሹክሹክታ፣ ሁሉን ነግሬው ነበርና፤
«ወረቀቴ ሁሉ በዚያ ስም ነው፤ የልጅ አፍ ደግሞ አያርፍም።»
እሺም አላልኩት፣ እምቢም።

መልሳ ስትይዘው፣ «ጻፊ» አልኳት፣ «ቅድመ አያቴ ሸማኔ፤
ቁጥሩ አራት መቶ አሥራ ስምንት።»
«ቁጥር ለምን?»
«አባትሽም አለው፤ ሂጂና የሥራ ጃኬቱን እይለት።»
እግሯ ሲሮጥ ሰማሁ፤ የቁም ሣጥን ሲከፈት፤
«ሁለት ሺህ ሠላሳ ስድስት።»
«እሱንም ጻፊው» አልኳት።